ያልተለካው ኮት

አባቴ ዓይኑን አያምንም፤ የሚያምነው ሜትሩን ነው። ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋለት ደንበኛ መጥቶ «ያው እኔ ነኝ፣ ደብተርህ ላይ አለሁ» ቢለው እንኳ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ «እሱ ያኔ ነው፤ እጅህን ዘርጋ» ይለዋል። ሰው በየወሩ ይለወጣል ባይ ነው። ያዘነ ሰው ትከሻው ይወርዳል፣ የተሾመ ሰው ደረቱ ይነፋል፣ ያገባ ሰው ወገቡ ይሰፋል። ይህን ሲናገር እሱ አይስቅም፤ የሚስቀው ደንበኛው ነው።

ስለዚህ የሱቃችን ሕግ አንድ ነበር። ባለቤቱ በሜትር ሳይለካ ጨርቁ ላይ መቀስ አያርፍም። ይህን ሕግ በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ጣስኩት፤ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

መንገዳችን ሁለት ወገን አለው። ማንም ደንግጎት ሳይሆን እንዲሁ ከድሮ ጀምሮ፣ በእኛ ወገን ያሉት እንደኛ የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው። ማዶ ያሉት በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት፣ በሌላ ዓይነት ይጸልያሉ፤ ቤታቸው ሲገቡም የሚያወሩት ሌላ ቋንቋ ነው። ጠብ የለንም። መሰላል እንዋዋሳለን፣ ሲታመሙ እንጠይቃለን፣ ሲሞቱ እናለቅሳለን። ልጅ ብቻ አንሰጣጥም።

አክስቴ ይህን አልሰማ ብላ ነው የሄደችው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናቴ እኔን ወልዳ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስድስት ዓመቴ ላይ ከማዶ ሰው ጋር ሄደች። አባቴ ከዚያ በኋላ ስሟን አልጠራም፤ «እህቴ» የሚለው ቃልም አብሮ ከአፉ ጠፋ። የስፌት መኪናዋን ግን አልሸጠውም። ጨርቅ አልብሶ ጥግ ላይ አቆመው፤ እግሬ መርገጫው ላይ በደረሰ ዕለት ጨርቁን ገፈፈና «ተቀመጪ» አለኝ። ስለ እሷ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው።

የአባቴ መኪና በሩ አጠገብ ነው፣ ብርሃን ያለበት። የእኔ ውስጥ ነው። ፊቴን ለግድግዳው፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እሰፋለሁ። በዚህ አቀማመጥ አምስት ዓመት ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ ኖሬያለሁ፤ የኖራው ስንጥቅ የቱ ጋ እንደሚጀምር፣ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ደንበኞች ለአባቴ ያወራሉ፣ አባቴ ለጨርቁ ያወራል፣ እኔ የማወራው ሰው አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ደግሞ «መርፌ» ነበር የሚሉኝ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እኔን አንድም ቀን አናግሮኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ደንበኞች ራሳቸውን የሚያዩበት ትልቁ መስታወት ተሰነጠቀ። ማዶ ካለው መስታወት ቆራጭ ሌላ ቅርብ ስለሌለ አባቴ እሱን አዘዘ፤ መስታወቱን ይዞ የመጣው ግን ልጁ ነበር። እኔ ክፍል ነው የሚማረው። ቀጭን ረጅም ስለሆነ «ሸምበቆ» ይሉታል። ሦስት ዓመት አብረን ስንማር ሦስት ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ከምፋጠጠው ግድግዳ ላይ፣ ከመኪናዬ ወደ ጎን አድርጎ መስታወቱን ሰቀለ፣ ወደ ኋላ ሄዶ አየ፣ ተመልሶ በቀኝ ጠርዙ ጀርባ አንዲት የእንጨት ሽብልቅ ሸጎጠ።

«ተጣሟል እኮ» አለው አባቴ።

«ግድግዳዎ ነው ጠማማ ጋሼ። እኔ አቃናሁልዎት እንጂ» አለና መዶሻውን ሰብስቦ ወጣ።

ግድግዳው ጠማማ አልነበረም። አምስት ዓመት ያፈጠጥኩበት ግድግዳ ነው፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ቀና ብዬ ወደ መስታወቱ ሳይ ግን የሱቃችንን በር አየሁ፤ ከበሩ ወዲያ መንገዱን፤ ከመንገዱ ወዲያ የመስታወት ቆራጩን ደጅ፤ ደጁ ላይ የተዘረጋውን የሥራ ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ሸምበቆን። ቆሞ ወደ እኔ ያያል። ጣቴን በመርፌ ወጋሁት፣ ያውም አምስት ዓመት ሳልወጋ ከርሜ።

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ይዤው «አንተ፣ ግድግዳችን ምን አደረገህ?» አልኩት።

«ምንም። የአንቺ ጀርባ ነው የሰለቸኝ» አለኝ።

መርፌ የተባልኩት እኔ ዞሬ ሄድኩ፤ ያየው ያንኑ ጀርባዬን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከውጭ ለሚያይ ምንም አልሆነም። እኔ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እሰፋለሁ፤ እሱ ማዶ ሆኖ መስታወት ይቆርጣል። አንገቴን አንድም ጊዜ አላዞርኩም። አባቴ በኩራት «ልጄ እኮ ሥራዋ ላይ ከተቀመጠች ዓለም ቢገለበጥ ዞር አትልም» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ዓለም በሙሉ ፊት ለፊቴ ተሰቅሎልኝ ለምን ብዬ ልዙር? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የእነሱን ደጅ ስትመታ ሸምበቆ አንዲት ስባሪ መስታወት አንስቶ ያዘነብላል፤ የብርሃን ነጠብጣብ መንገዱን ተሻግራ በአባቴ ትከሻ በኩል አልፋ ከምሰፋው ጨርቅ ላይ ታርፋለች። እጄን እዘረጋና እነካታለሁ። ትሞቃለች። በቃ ይኸው ነበር ፍቅራችን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ።

የምንገናኘው በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ነው፣ ሃያ ደቂቃ። እዚያ ሰው አይመጣም፤ የተሰበሩ ወንበሮች ይጣሉበታል። አንድ ቀን ሹራቡ ክንዱ ላይ ተቀዶ መጣ፤ መርፌ ሁልጊዜ ኮሌታዬ ሥር አለ፣ እጁን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ እላዩ ላይ ሰፋሁለት። እየሰፋሁም በስንዝሬ ለካሁት። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ? የእኔ ስንዝር አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ነው። ከትከሻው እስከ አንጓው ሦስት ስንዝርና አራት ጣት። ራሴን ደግሞ ግራ ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ልክ ለጆሮዬ የተሠራ ጎድጎድ ያለ ይመስላል፤ የቀኙ እንደዚያ አይመቸኝም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስታወት የሚሸከመው በግራ ጎኑ ስለሆነ ግራ ትከሻው ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። እናቱም እንኳ ልብ ያላለችው ይመስለኛል።

በትምህርታችን ማብቂያ ሁለታችንም ሌላ ከተማ ላለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አመልክተን ነበር። እሱ ለግንባታ፣ እኔ ለልብስ ሥራ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። የመቀበያ ደብዳቤዎቻችን በአንድ ሳምንት ውስጥ መጡ። የመጡልን ቀን ደረጃው ላይ አቀፈኝ፤ አቀፍኩት። ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። እጆቼ ጀርባው ላይ ተገናኝተው አንዱ መዳፌ በሌላው ላይ ተደረበ።

«እዚያ እኮ» አለኝ፣ «የየትኛው ማዶ እንደሆንን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም።»

«ጀርባዬን ሳይሆን ፊቴን ልታይ ነዋ» አልኩት።

«እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ቆይ፣ ልተወው መሰለኝ» አለ፤ በክርኔ ደቃሁት። የፈለግነው ያን ብቻ ነበር፤ አንድ ባቡር፣ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ዓመት። ለሁለቱም ቤት ጉዞው እንደ ትምህርት እንጂ እንደ ሌላ እንዳይታይ ጥንቃቄያችን ለጉድ ነበር። እስከ ማብቂያው በዓል ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶን ነበር።

ያን ጊዜ ነው ርእሰ መምህሩ መጥቶ ለተመራቂ ወንዶች አንድ ዓይነት ግራጫ ሙሉ ልብስ ያዘዘው። ሠላሳ ሁለት ወንዶች። አባቴ በደስታ ሜትሩን ይዞ ክፍላችን ድረስ መጥቶ ሁሉንም አሰልፎ ለካ፤ ለእያንዳንዱ በልክ ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ። ሸምበቆ በዚያ ቀን የለም። አባቱ አዲስ ሕንፃ ላይ መስኮት ሊያስገባ ወስዶታል። በማግሥቱም የለም። በሳምንቱም የለም። ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ባዶውን ቀረ።

«እንግዲህ ያልመጣ አይሰፋለትም» አለ አባቴ። «እነሱ የራሳቸው ልብስ ሰፊ አላቸው።»

«ጨርቁ ግን የእኛ ጋ ነው አባዬ። ግራጫ ያልለበሰ መድረክ አይወጣም ተብሏል።»

«ስለዚህ ይምጣና ይለካ!»

እንዲመጣ ልልክበት እችል ነበር። አሁን ሳስበው ያን ያህል ቀላል ነበር፤ ሃያ እርምጃ መንገድ ማቋረጥ። ግን አባቱ ምሽት ላይ ነው የሚለቀው፤ ደግሞም አንድ ዓመት ሙሉ መንገዱን በእግሬ አቋርጬ አላውቅም፣ የማቋርጥ ቀን ሁሉም የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ለጸሎት በሄደበት ቀን ብቻዬን ሱቅ ነበርኩ። ሠላሳ አንዱ ተቆርጧል። የቀረው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ። መቀሱን አነሳሁ።

ደብተር አላየሁም፣ ሜትር አልያዝኩም። ጠመኔው እጄ ላይ በራሱ ይሄድ ነበር። ደረቱን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን፣ የሱሪውን ቁመት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ቆርጬ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጥፋቴ መቁረጤ አይደለም። ጥፋቴ በደንብ መቁረጤ ነው። ትንሽ አስፍቼው ቢሆን፣ ወይ እጅጌውን አሳጥሬው ቢሆን፣ አባቴ ተቆጥቶ፣ በስፒል ሰብስቦ፣ አስተካክሎ ነገሩ ያልፍ ነበር። «ዓይንሽን ያመንሽ ለታ ይኸው ነው» ብሎኝ ያበቃ ነበር። ግን የአባቴ ልጅ ነኝ፤ መጥፎ ልብስ መስፋት እጄ አይችልም። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ስለሆነ በግራው የትከሻ መሙያ ስፖንጅ ላይ ሌላ ስስ ስፖንጅ ደረብኩ፤ ኮቱ ሲለበስ ሁለቱ ትከሻ እኩል እንዲሆን። ደግሞ ገና እየረዘመ ያለ ልጅ ነው። ከእጅጌውና ከሱሪው ጫፍ ወደ ውስጥ ሰፊ ትርፍ አጠፍኩ፤ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ለሚቀጥለውም፣ ለሚቀጥለውም።

አባቴ በሌለበት ሰፍቼው ከሠላሳ አንዱ መሃል ሰቀልኩት፤ ለሸምበቆም አልነገርኩትም። ላስደንቀው ብዬ።

ልብሱ የሚሞከርበት ቀን ሱቃችን በወንድ ልጅ ጫጫታ ተሞላ። አባቴ አፉን በስፒል ሞልቶ እያንዳንዱን ከመስታወቱ ፊት ያቆማል፣ እዚህ ይሰበስባል፣ እዚያ ይለቃል፣ በጠመኔ ያሰምራል። ሠላሳ አንዱም ቢያንስ አራት አምስት ስፒል ያዘ። ሸምበቆ ቀሪ ጨርቅ ካለ ለመጠየቅ ነው የመጣው፤ በሩ ላይ ቆሟል። የክፍሉ አለቃ ከመስቀያው ላይ የቀረውን ኮት አየና «ይኸው የአንተ!» ብሎ ወረወረለት።

ለበሰው። መስታወቱ ፊት ቆመ። አባቴ አንድ ስፒል ከአፉ አወጣ፣ ወደ ጀርባው እጁን ዘረጋ፣ ተወው። ወደ እጅጌው ሄደ፣ ተወው። ዙሪያውን አንዴ ዞረው። ስፒሉን መልሶ አፉ ውስጥ አደረገ። አባቴ ስፒል ሳያስገባ የጨረሰውን ኮት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ልጆቹም ተሰብስበው አዩት፤ እንዲያው ያምር ነበር።

«ማን ነው የለካህ?» አለው አባቴ።

«አልተለካሁም ጋሼ» አለ ሸምበቆ። እውነቱን ነው። ዓይኖቹ መስታወቱ ውስጥ እኔን ይፈልጋሉ፣ ገና እየገባው ነው፣ ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል።

«እኔ ነኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ጸሎት የሄድክ ቀን መጥቶ ለካሁት።»

ሁለታችን ሁለት ነገር ተናገርን። አባቴ እኔንም እሱንም አላየም። መዳፉን የሸምበቆ ግራ ትከሻ ላይ አሳርፎ ስፖንጁን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው፤ ቀጥሎ የቀኙን። ከዚያ «አውልቅና ሂድ» አለው፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ሁላችሁም ሂዱ። ነገ ትወስዳላችሁ።»

ሱቁ ባዶ ሲሆን በሩን ገርበብ አደረገ። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የልክ ደብተሩን ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከፈተልኝ።

«ለካሁት ብለሻል። ጻፊ።»

ጻፍኩ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት። ሳላስብ፣ ሳላቆም። መዋሸት ነበረብኝ፤ ቁጥር መዋሸት ግን አልቻልኩም። አባቴ ሜትሩን አውርዶ እያንዳንዱን ከኮቱ ጋር አስተያየ። አንድም አልሳትኩም።

«ትከሻውን ሜትር አይነግርሽም» አለ። «ትከሻ እንዲህ የሚታወቅ ተደግፈውበት ነው።»

የእጅጌውን ጫፍ ገልብጦ ስፌቱን በምላጭ ተረተረው። ያጠፍኩት ትርፍ ተዘርግቶ ወጣ፤ አራት ጣት። አየው። ልብስ ሰፊ ነውና ምን እንደሚያይ ያውቃል።

«ይሄ ለስንት ዓመት ነው?»

«ለሦስት» አልኩ። አንድ ጊዜ አፌ ከተከፈተ የሚዘጋ አይደለም። «ትምህርቱ እስኪያልቅ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላማ አዲስ እሰፋለታለሁ።»

አባቴ ይመታኛል ብዬ ነበር። መትቶኝ ባያውቅም ያን ቀን ጠበቅሁት፤ ቢመታኝ ይሻል ነበር። ሄዶ የእኔ መኪና ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ የአክስቴ ወንበር ላይ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። አባቴ ትልቅ ሰው ነበር፤ እዚያች ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን የሰው ቤት የመጣ እንግዳ መሰለኝ።

«እህቴም» አለ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ «እህቴም እዚችው ላይ ተቀምጣ እንደዚሁ ነው የመለሰችልኝ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «እኔ ሁለተኛ ብቻዬን አልቀርም። ከፈለግሽ ሂጂ፣ በሩ ያው ነው። ግን ሁለተኛ አልችልም።»

በዚያው ቀን መንገዱን አቋረጠ። በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። መስታወት ቆራጩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ፤ ቆመው አወሩ፤ አባቴ ያወራል፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱ ያወራል፣ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ደጅ ለደጅ ሲኖሩ በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ሲስማሙ ያየኋቸው ያኔ ነው። ሲመለስ ወንበር ላይ ወጥቶ ሽብልቋን ከመስታወቱ ጀርባ ነቀላት። መስታወቱ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ። ከዚያ ወዲህ በውስጡ የሚታየኝ የካውያው ጠረጴዛና የራሴ ፊት ነው።

በማብቂያው በዓል ላይ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ሸምበቆ መድረክ ሲወጣ አየሁት። ከሠላሳ ሁለቱ ኮት የሱ ተለይቶ ይታያል። ከኋላችን ያሉ ሴቶች «የማነው ይሄ ልጅ? ልብሱ እንዴት ይሄዳል!» ይሉ ነበር። በዚያ ኮት የተነሳ ስንት አዲስ ደንበኛ እንደመጣልን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አባቴ ዓይኑን ከኮቱ ላይ ሳይነቅል ሰዓቱን ጨረሰ።

ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የብርሃኗ ነጠብጣብ መጣች። ከምሰፋው ቀሚስ ላይ አረፈች፤ እንደ ወትሮው ረጋ አላለችም፣ ትንቀጠቀጥ ነበር። ልነካት እጄን ስዘረጋ አባቴ ከመኪናው ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። ጠፋች። አባቴ ምንም አላለም፤ ደንበኛ እንደሚጠብቅ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፀሐይ እስክትዞር ቆሞ ቆየ። ሸምበቆን በማግሥቱ ጠዋት ቤተሰቦቹ ወደ አጎቱ፣ እንኳን ባቡር መንገድም ወደማይደርስበት አገር፣ ላኩት።

እኔም ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አልሄድኩም። ሰው ሲያወራው አባቷ ከለከላት ይላል፤ ውሸት ነው። በሩ ያው ነበር። አባቴ እዚያች ወንበር ላይ ጉልበቱን ይዞ መቀመጡ ዓይኔ ላይ ቀርቶ ነው። «ለአንድ ዓመት ብቻ ልቆይ» አልኩ። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ቀረ። ስድስት ዓመት ሆነው።

በእነዚህ ስድስት ዓመታት የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄደ። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ክር በመርፌ አያስገባም። በሩ አጠገብ ያለው መኪና የእኔ ሆነ፤ እሱ ጥግ ካለችው የአክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመቀሴን ድምፅ ያዳምጣል። «ደንዟል» ይላል፣ ወይም «ቸኮልሽ»። ከዚህ ሌላ ብዙ አናወራም። መንገዱን አሁን ፊት ለፊት አየዋለሁ። የማየው ነገር ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት የመስታወት ቆራጩ ሚስት መጣች፣ ሁለተኛ ልጇን አስከትላ። ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ አጠር ደንደን ያለ፣ የሚሠራው ቢሮ ነው። ከፌስታሉ ውስጥ ግራጫ ኮት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ሳልነካው አወቅሁት።

«የታላቁ ነው» አለችኝ። «ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ይባክናል ብዬ። ለዚህኛው አስተካክዪልኝ እስቲ የኔ ልጅ።»

«እሺ እትዬ።» ኮቱን ወደ እኔ ሳብኩት። «ታላቁ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፤ አጎቱ አገር አግብቶ ወልዷል። ይሄን ልብስ እንዴት ይወደው ነበር መሰለሽ! ሲሄድም ይዞት ሄደ፣ ዓመት ሙሉ ከላዩ አላወለቀውም። በኋላ እጅጌው አጠረው። አሳዝኖት እኮ፣ እዚያ ላለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ወስዶ ሊሰጥ ነበር፤ አጎቱ ነው ያጠረ ኮት ምን ይደረጋል ያለው። አጥፎ አስቀመጠው። ይኸው ላከልን።»

ማንም አልነገረውም። አባቴ የተረተረውን እጅጌ እኔው ነበርኩ በዚያኑ ዕለት መልሼ የሰፋሁት፤ ትርፉን መልሼ ወደ ውስጥ አጥፌ። እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፣ ባቡሩ ላይ። የሦስት ዓመት ትርፍ አንጓው ላይ ተጣጥፎ ዓመት ሙሉ ይዞት ሲዞር ኖሯል፣ እንዳለው ሳያውቅ።

ታናሽየውን አቆምኩና በሜትር ለካሁት። የዕለቱን ቀን ጻፍኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ። ትከሻው እኩል ነው። እናቱ «ይሄ ደግሞ ግራው ትንሽ ወፍሯል፣ ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ «አስተካክለዋለሁ» አልኳት። ለሐሙስ ቀጠርኳቸውና ሄዱ።

ገበሩን ተረተርኩ። የደረብኳትን ስስ ስፖንጅ አወጣኋት፤ ስድስት ዓመት ተረግጣ እንደ ወረቀት ሳስታለች። ቀጥሎ እጅጌው። ለዚህኛው ከአሁኑም ማጠር አለበት። እጥፋቱን ስፈታ የትርፉ ጨርቅ ወጣ። ፀሐይ ያላየው፣ ግራጫው ያልደበዘዘ፣ እንደቆረጥኩት ቀን ያለ። ጠመኔ አሰመርኩ። መቀሱን ከፈትኩ። እንባዬ ድምፅ የለውም፤ መቀሴ ግን ስቆርጥ የሚሰማ ነው፣ ሳልቆርጥ ስቆይም የሚሰማ።

«የመስታወት ቆራጩ ልጅ ኮት ነው» አለ አባቴ ከጥጉ። የእናቱን ድምፅ ሰምቷል።

«አዎ።»

«ያ ትርፍ አለበት?»

«አለ። ማንም ፈትቶት አያውቅም።»

አባቴ መዳፎቹን በመኪናው እንጨት ላይ ያንሸራትታል፣ የእህቱ እጅ ባለሰለሰው ቦታ ላይ።

«አትቁረጪው» አለ። «እጠፊው።»

«ይሄኛው አይረዝምም እኮ አባዬ። ጨርሷል። ለማን ብዬ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እጠፊው ብቻ፣ ልጄ። እኔ አንዴ ቆርጫለሁ።»

መቀሱን ዘግቼ አስቀመጥኩት። ትርፉን ወደ ውስጥ ሁለቴ አጠፍኩ፣ ውፍረቱ ከላይ እንዳይታወቅ በካውያ አስተኛሁት፣ ዙሪያውን በእጄ ሰፋሁት። አባቴ እስክጨርስ አዳመጠ።